ከግራ ጉልበቷ በታች

ቶሮንቶ አየር ማረፊያ ላይ የሰጠሁት ፓስፖርት የሌላ ሰው ነበር። እኔና የፓስፖርቱ ባለቤት የምንመሳሰለው በግንባር ብቻ ነው። መኮንኗ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። እንደገና ቀና እስክትል አልጠበቅሁም።

"የኔ አይደለም" አልኳት። "ጥገኝነት እጠይቃለሁ።"

"ታዲያ ያንተ ስም ማነው?"

አልነገርኳትም። አገር ቤት ታናሽ ወንድም አለኝ። ስሜን ብነግራት ኤምባሲ ይደውላሉ፣ ኤምባሲው ደግሞ ወንድሜ ቤት ሰው ይልካል ብዬ ፈራሁ። እንደማይደውሉ የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝም አላምናቸውም ነበር።

ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ተብዬ እጄን በካቴና ታሰርኩና በመኪና ወሰዱኝ። ከአየር ማረፊያው ብዙ አልራቅንም። የተቀበለኝ ዘበኛ "ይህ ማቆያ ነው፣ እስር ቤት አይደለም" አለኝ። ከዚያ በፊት ሁለት እስር ቤት አውቅ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ከውስጥ በኩል እጀታ የለውም።

ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ሰማያዊ ብርድ ልብስ፣ አንድ የማይከፈት መስኮት አለው። ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። በየጥቂት ደቂቃው አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው። እኔ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ሰባት ሄጄ ሰባት እመለሳለሁ፤ ምግብ ሲመጣ ቆሜ እበላለሁ።

አገር ቤት የታሰርኩት በካርታ ምክንያት ነበር። በአንድ የካርታ መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ነዳፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ የሁለት ወረዳ ድንበር ያለበትን ሉህ አመጣልኝና መስመሩን ከወንዙ ወዲያ እንዳሻግረው ነገረኝ። በቀድሞው ቅየሳ መስመሩ ከወንዙ ወዲህ ነው። ወዲህና ወዲያ ያሉት ሰዎች በዚያ ዓመት መጋደል ጀምረው ነበር። "ቅየሳው ተደግሟል?" ብዬ ጠየቅሁት። "አልተደገመም" አለኝ። "እንግዲያው አልፈርምበትም" አልኩ። በኋላ መርማሪው ያንኑ ሉህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ "የማንን ተልእኮ ነው የምታስፈጽመው?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ስምንት ወር ቆየሁ። ስለ ስምንቱ ወር እዚህ አልጽፍም። ስወጣ ግን ጤነኛ ሰው እንደሚቀመጠው መቀመጥ ጠፍቶኝ ነበር።

በሌላኛው አልጋ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ከቲቤት ናቸው። ሰባን ያለፉ፣ አጭር፣ ጉንጫቸው በብርድ የተቃጠለ ሰው። ስማቸውን መጥራት ስላቃተኝ "አባባ" አልኳቸው። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸውና በሳቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግሊዝኛቸው ስብርባሪ ነው፤ የኔም የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ተግባባን። እሳቸውም የመጡት በተገዛ ፓስፖርት ነው፤ የኔፓል። ሴት ልጃቸው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር፣ ከብዙ የአገሯ ሰዎች ጋር ትኖራለች። ቲቤት ውስጥ በአንድ ሸለቆ መወለዳቸውን ካላረጋገጡ ወደ ኔፓል ይመለሳሉ፤ ኔፓል ደግሞ ድንበሩን አሻግራ ለቻይና እንደምትሰጣቸው እርግጠኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው አራት ዓመት ታስረው ነበር። በምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው "በሥዕል" ብቻ አሉኝ። የገዳም ሠዓሊ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም ሠዓሊ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ "ስትራመድ ትቆጥራለህ" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። እንደዚያ የሚራመድ ሰው የቅድመ አያቴ ቤት አድሮ ያውቃል።"

ወሬውን በሁለት ቀን ቁርጥራጭ አድርገው ጨረሱልኝ። በቅድመ አያታቸው ዘመን ለፈረንጅ አገራቸው ዝግ ነበር። ሕንድን የያዙት እንግሊዞች ግን ካርታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የተራራ ሰዎችን መለመሉና ሽቅብ ቢሆን ቁልቁል እርምጃቸው እኩል እንዲሆን አሠለጠኗቸው፤ ከዚያ ተሳላሚ አስመስለው ላኳቸው። የቲቤት ሰው መቁጠሪያ መቶ ስምንት ፍሬ አለው። የእነዚያ ሰላዮች መቶ ብቻ ነበር፤ በየመቶ እርምጃው አንድ ፍሬ ይገፋሉ። የሚሽከረከረው የጸሎት መዘውር ውስጥ ደግሞ በጸሎቱ ፈንታ የጻፉትን ልክ ይደብቃሉ።

"ቅድመ አያቴ ሰውየው ሲተኛ መቁጠሪያውን ቆጠረ" አሉ። "ስምንት ጎደለ።"

"ከዚያስ? አሳልፎ ሰጠው?"

"በሶ በጠበጠለት። እግሩ ቆስሎ ነበር።"

በሶ ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የተቆላ የገብስ ዱቄት ብለው በእጃቸው ሲያሹ ሲያሳዩኝ ነው የገባኝ። እኛም አገር አለ ስላቸው አላመኑኝም፤ እንዴት እንደሚቆላ፣ በምን እንደሚበጠበጥ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የአባቴ ሙስበሃ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ መሆኑንም ነገርኳቸው።

"እናንተንማ ሰላይ በቀላሉ ነው የሚያታልላችሁ" አሉ። "አንድ ፍሬ መጨመር ነው።"

ከታሰርኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ለጥያቄ ጠሯቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ተመለሱና ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱ ከኮምፒዩተር የታተመ ካርታ ነው። መንገድ፣ ወንዝ፣ የከተማ ነጥቦች፤ ስሞቹ በሙሉ ቻይናዎቹ እንደሚጠሯቸው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ። "የተወለድክበትን አሳይ" ብለዋቸው ነበር። ጣታቸውን አኑረው አነሱት። ሌላ ቦታ አኖሩ፣ ከዚያም አነሱ።

"መኮንኑ የቱ ክፍለ ሀገር ነው አለኝ" አሉ። "ከግራ ጉልበቷ በታች አልኩት።"

"የማን ጉልበት?"

አስረዱኝ። በጥንቱ ሥዕል አገራቸው በጀርባዋ የተንጋለለች ግዙፍ ጭራቅ ናት። አንድ ንጉሥ እንዳትነሳ ብሎ በትከሻዋ፣ በዳሌዋ፣ በክርኗ፣ በጉልበቷ ላይ ቤተ መቅደስ እየሠራ ቸነከራት፤ ልቧ ላይም እንዲሁ። አባታቸው ያንን ሥዕል ለገዳሙ በጨርቅ ላይ ሥለውታል። ልጆች ሰፈራቸውን የሚያውቁት በእሷ አካል ነው። አስተርጓሚው ግን እዚሁ ያደገ ወጣት ነው፤ የሰማውን ለመኮንኑ ማለት አፍሮ ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ "አያውቀውም" ብሎ ተረጎመው። ያን ያህል እንግሊዝኛ ሽማግሌው ይሰማሉ።

"ነገ ጉዳዬ የሚታይበት ሂሪንግ አለኝ" አሉ። "የትውልድ ቦታውን ማመልከት አልቻለም ብለው ጻፉ።"

ወረቀቱን ተቀብያቸው መስኮቱ ሥር ወሰድኩት። የርቀት ልኩ፣ ስኬሉ፣ በስተግርጌ አለ። ከፍታ የለበትም፤ ተራራ የሚባል ነገር የለም፤ ነጭ ሜዳ ላይ የተጣሉ መስመሮች። በተራራ ያደገ ሰው በዚያ ላይ ቤቱን ቢያጣ አይፈረድበትም። እጄ ሲሞቅ ተሰማኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ካርታ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

"ጀርባው ላይ ይሳሉልኝ" አልኳቸው። "እንደሚያውቁት።"

ቅጽ የምንሞላባት ቁራጭ እርሳስ ነበረችን። ከመሃል ጀመሩ። መጀመሪያ ገዳሙን ባለ ሦስት ጣሪያ አድርገው ሣሉ። ቀጥሎ ወንዙን እንደ ሐረግ፣ በውስጡ ትናንሽ ሞገድ። ተራራውን ፊት ለፊቱ ቆመው እንደሚያዩት ነው የሚሥሉት። ከዚያ ወረቀቱን አዞሩና ሌላውን ተራራ ሣሉ፤ አሁንም አዞሩ። ሲጨርሱ ተራሮቹ ሁሉ ከገዳሙ ወደ ውጭ ተኝተዋል፤ በኔ በኩል ያለው ተዘቅዝቋል።

ትዕግሥቴ አለቀ። "ሰሜኑ ወዴት ነው አባባ?"

"ሰሜን ምን ያደርግልሃል? ገዳሙን ዙር፤ ሁሉንም በየተራ ታየዋለህ።"

"ለመኮንኑ ነው።"

"መኮንኑ መቼ ይሄድበታል?"

ሌላ ጠየቅሁ። "ከገዳሙ እስከ ሰፈርዎ ስንት ቀን ነው?"

"ከከብት ጋር ሦስት። ብቻዬን ሁለት ተኩል። ከእናቴ ጋር አራት።"

"ዳገት አለው?"

"ሁለት የተራራ በር አለ። ከሁለተኛው በር ሲወርዱ ሁለት ወንዝ ይገናኛል፤ አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ነጭ። ነጩን ይዘህ እስከ ምሳ ትሄዳለህ።"

ይህ ይበቃኝ ነበር። ከብርድ ልብሱ ክር መዘዝኩ። የተሰጠኝን የፕላስቲክ መታወቂያ ለማስመሪያ ያዝኩ። ትልቁን ገዳም የታተመው ካርታ ላይ አገኘሁት፤ ስሙ ቢለወጥም የወንዙ ክንድ የሚታጠፈው እሳቸው እንደሣሉት ነው። ክሩን በሸለቆው ጥምዝ ላይ እያስተኛሁ፣ ለዳገት ቀንሼ ለቁልቁለት ጨምሬ፣ ሁለት ቀን ቆጠርኩ። ክሩ ሁለት ወንዝ የሚገናኝበት ጋ ደረሰ። ከዚያ ሽቅብ፣ ለግማሽ ቀን፤ በአንደኛው ወንዝ ላይ ምንም የለም፣ በሌላኛው ላይ ግን ስሟ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነጥብ አለች።

አነበብኩላቸው።

"ድገመው።"

ደገምኩት። የመጀመሪያዋ ድምፅ ጠፍታለች፣ የመጨረሻዋ ተለውጣለች። የሰፈሩን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ዘመዶቻቸው አሁንም እዚያ ናቸው።

"ጉንፋን የያዘው ሰው የጠራት ይመስላል" አሉ። ቀጥለው "እሷ ናት" አሉና ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አኖሩ። አላነሱትም። ሲያነሱት ወረቀቱ ላይ የላብ ቀለበት ቀርቶ ነበር።

በጋራ ክፍሉ ተረኛ የነበረችው ዘበኛ የካሪቢያን ሴት ናት። ንጹሕ ወረቀት ጠየቅኋት። ቤተሰብ የሚያዝበት ክፍል ሄዳ ሁለት ነጭ ወረቀትና የልጆች ባለ ቀለም እርሳስ አመጣችልኝ። "ከምሳ በፊት መልስልኝ፣ ልጆቹ ይጠይቁኛል" አለች። ቁጭ ብዬ ሠራሁ። መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው ቁጭ ማለቴ ትዝ ያለኝ። የሰሜን ቀስት፣ ስኬል፣ ወንዞቹ በሰማያዊ፣ መንገዱ በቀይ ነጠብጣብ። የሳቸውን ተራሮች አልተውኩም፤ በየቦታቸው በትንሹ አቆምኳቸው። በመጨረሻ ነጥቧ አጠገብ የታተመውን ስም ጻፍኩና አንብቤላቸው ሰጠኋቸው።

ብዙ አዩት። ከዚያ ስሙን በጣታቸው ጠቁመው መለሱልኝ።

"ይህን አልሰጣቸውም።"

"ለምን?"

"ከዚህ አልተወለድኩም።"

"አባባ፣ እሷው ናት እኮ! እርስዎ ራስዎ እሷ ናት ብለዋል።"

"እሷ ናት። ይህ ግን ስሟ አይደለም። ይህን ስም በአባቴ ሥዕል ላይ ጻፍ ብለውኝ ነበር።"

የታሰሩበትን ያኔ ነገሩኝ። ገዳሙ ሲታደስ አዲሶቹን ስሞች በአሮጌው ሥዕል ላይ እንዲጽፉ ታዘዙ። አልጻፉም። ሌላ ነገር አላደረጉም።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። "ነገ ሊመልሱዎት ነው" አልኳቸው። "ልጅዎ እዚህ ናት። ለአንድ ቃል ብለው…" ተነስቼ ሰባት እርምጃ ሄድኩ። ሰባት ተመለስኩ። ድምፄ የአለቃዬን ድምፅ መሰለኝ። እሱም እንዲህ ነበር ያለኝ፤ "ለአንድ መስመር ብለህ ልጆችህን…" ብሎ ጀምሮ ልጅ እንደሌለኝ ትዝ ሲለው "ወንድምህን" አለኝ። ቆምኩ።

ሁለተኛውን ወረቀት አወጣሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት። ነጥቧ አጠገብ ሰፊ ባዶ ቦታ ተውኩ።

"በራስዎ ፊደል እርስዎ ይጻፉት" አልኳቸው። "ጉልህ አድርገው። እኔ ከሥሩ፣ 'በታተመው ካርታ ላይ እንዲህ ተብሎ የሚጠራው' ብዬ በደቃቁ እጽፋለሁ። እንዲያገኙት ያህል።"

አሰቡበት። እርሳሷን ተቀበሉኝ። የሠዓሊ እጅ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ምት አወረዱት። ከምሳ በፊት እርሳሶቹን መለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጠበቃቸው ወደ ጋራ ክፍሉ መጣች። ወጣት ናት፣ ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ብዙ ሰው ይጠብቃት ነበር። ቋንቋ እንዳግዝ ሽማግሌው ጠሩኝ። ካርታውን አየች፤ ከታተመው ጋር ጎን ለጎን አድርጋ ወንዞቹን በጥፍሯ ተከተለች።

"ማን ሠራው?"

ሽማግሌው እኔን አመለከቱ።

"የሠራው ሰው ይታወቅ ይሉኛል" አለች። "ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሠራው ብዬ ላቀርበው አልችልም። ሙያህና ስምህ ካለበት ግን እሞክራለሁ። አላስገድድህም። የምትጽፈውን ያንተን ጉዳይ የያዙትም ያነቡታል።"

በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ከአልጋ ቁጥር በቀር በስሜ ቦታ ምንም አልተጻፈም ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል። ወንድሜን አሰብኩት፤ ማታ ማታ በሩን ሁለት ጊዜ እንደሚቆልፍ። ሽማግሌው ወደኔ አላዩም፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። እምቢ ብል እንደማይቀየሙኝ አውቅ ነበር። ያ ነው የከበደኝ።

ከጠበቃዋ እርሳስ ተቀበልኩና ከካርታው ግርጌ በስተቀኝ፣ አሥራ አራት ዓመት በፈረምኩበት ቦታ፣ ስሜን ጻፍኩ። የኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን። ከሥሩ "ካርታ ነዳፊ" ብዬ ቀኑን አደረግሁበት።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የእንግሊዝኛ ፊደል አያነቡም። "በለው" አሉኝ።

ስሜን አልኩላቸው። ሁለት ጊዜ አበላሹት። በሦስተኛው ልክ ጠሩኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ለልጃቸው ተለቀቁ። ካርታው ይሁን የልጃቸው ምስክርነት የረዳቸው አላውቅም፤ ጠበቃዋም አልነገረችኝም። እኔ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስሜ ከታወቀ በኋላ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እዚሁ ከተማ ተገኝቶ መሰከረልኝ። ኤምባሲ የደወለ የለም። ወንድሜን ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠርተው ጠይቀውታል። በኔ ፊርማ ይሁን በሌላ፣ እሱም አያውቅም።

አሁን እዚሁ ከተማ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሥራዬ ከቁፋሮ በፊት መሬት ውስጥ ያለውን መስመር ፈልጎ አስፋልት ላይ በቀለም ማመልከት ነው፤ ጋዝ በቢጫ፣ ውሃ በሰማያዊ፣ መብራት በቀይ። ኤግሊንተን ጎዳና ላይ ለባቡር መስመር ያን ሁሉ ዓመት ሲቆፈር ስንት ጊዜ እንዳሰመርኩ አልቆጠርኩትም። ሥራው ቀኑን ሙሉ በእግር ነው፤ ይስማማኛል። ሰው ቤት ስጋበዝ ግን አሁንም ከወንበር ብድግ ብድግ እላለሁ። የሚያውቁኝ ለምደውኛል።

ፓርክዴል ሽማግሌውን ልጠይቅ በየጊዜው እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ልጃቸው ጨውና ቅቤ ያለበት ሻይ ቀድታልን ስንቀመጥ ስልኬን አውጥቼ ሸለቋቸውን ከሳተላይት ላሳያቸው አልኩ። ስንት ጊዜ አስቤው ነበር። ወንዞቹን አወቋቸው፤ ጥቁሩንና ነጩን። ሁለተኛውን የተራራ በር አወቁት። መንደሯ ላይ ስደርስ ምስሉን በጣቴ ላጎላው ስል እጄን ያዙኝ።

"ይበቃል" አሉኝ። "ጣሪያውን ካየሁ ማን እንደሚኖርበት እጠይቃለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ግን የወንድሜን ቤት ጣሪያ በየሳምንቱ እንደማየው ነገርኳቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በሩ ላይ አንድ ነጭ መኪና ቆሞ ይታያል። ምስሉ አሮጌ ነው፣ አይለወጥም፤ መኪናው ከዚያ አይሄድም። የማን እንደሆነ አላውቅም።

"ስልክ የለውም?" አሉ።

"አለው።"

"ታዲያ ደውልለት እንጂ።"

እዚያው ሆኜ ደወልኩ። አገር ቤት መሽቷል፤ ድስት ይሰማል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ።

"ምነው? ምን ሆንክ?" አለኝ ወንድሜ።

"ምንም። እንዴት ናችሁ ልል ነው።"

ብዙ አወራን። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይገባቸው አጠገቤ ተቀምጠው አዳመጡ። ስለ መኪናው አልጠየቅሁትም። ድምፁ ደህና ነበር።